አንድ ባንዲራ ነበራቸው

አባቴና ጓደኞቹ ለሁላቸውም የነበራቸው አንድ ባንዲራ ነው። የቀድሞው ሠራዊት ወታደሮች ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ወደየአገሩ ሲገባ እነሱ አርባ ምንጭ ቀሩ። አንዱ ሲቀላ ሰፈር ጫማ ይጠግን ነበር፤ አንዱ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ ይጠብቅ ነበር፤ አባቴ ደግሞ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት የሬሳ ሳጥኑን የሚያለብሱት በዚያ ባንዲራ ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ግራና ቀኝ ይዘው ያነሱትና ያጥፉታል፤ አፈር እንዲነካው አይፈልጉም። ከዚያ አባቴ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤት ያመጣዋል።

ማጠብ የእናቴ ድርሻ ነበር። እናቴ እዚያው አርባ ምንጭ አጠገብ የጫኖ ልጅ፣ ጋሞ ናት። ባንዲራውን ከሌላ ልብስ ጋር አትዘፈዝፈውም፤ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበውና ማንጎው ጥላ ሥር ታሰጣዋለች፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ቀለም ይበላላ። ልጅ ሳለሁ የሰፈሩ ሰው በበዓል ባንዲራ ሲሰቅል አይቼ፣ «የእኛስ ለምን አይሰቀልም?» አልኳት።

«ይሄ የበዓል አይደለም» አለችኝ። «ይሄ የሰው ልብስ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ጫማ ጠጋኙም ሄደ፣ የሙዝ ጠባቂውም ሄደ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻ አባቴና ከደጋው ከገረሴ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ቀሩ። እሱን ጋሼ ነበር የምለው። ከአባቴ ጋር ሰሜን ውስጥ በአንድ ምሽግ የኖሩ ናቸው። አባቴ ወሎዬ ነው፤ እሱ ጋሞ፤ ግን አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው ይጨርስለት ነበር። ደጃችን ላይ ተቀምጠው ማን ቀድሞ እንደሚሞት ሲከራከሩ እናቴ ትቆጣቸዋለች።

«የማለብስህ እኔ ነኝ» ይላል አባቴ።

«አንተ? በዚህ ጉልበትህ? ሳጥኑ ላይ ትወድቅብኛለህ!» ይላል ጋሼ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

የቀደመው አባቴ ነው። በክረምት፣ ዝናቡ ባባራበት ማለዳ፣ እጁ በእናቴ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፈ። ጋሼ በባጃጅ ደረሰ። ያችን ለለቅሶ ብቻ የሚያወጣትን ኮት ለብሷል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እናቴ እግር ሥር ቁጭ አለና አለቀሰ። እናቴ ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ተነሥታ በካውያ የተተኮሰውን ባንዲራ ከልብስ ሣጥን አውጥታ ሰጠችው።

ፍትሐቱ አልቆ መቃብሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ የባንዲራውን አንዱን ጫፍ ያዘ። ሌላውን ጫፍ ይይዝ የነበረው አባቴ ነው። ጋሼ ቀና ብሎ ሰዉን ቃኘ። ወንዶቹ አንዱ ሌላውን አየ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር።

«ነይ ልጄ» አለኝ። «ነይ፣ ጫፉን ያዥልኝ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። ጨርቁን ወጥረን ያዝነው። «ቀስ በይ፤ መጀመሪያ ለሁለት» እያለ አሳየኝ። አጥፈን ስንጨርስ ተቀብሎኝ ለእናቴ ሰጣት።

በሣልስቱ ሰው ከተበተነ በኋላ ጋሼ ከአባቴ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «እኔንስ እንግዲህ ማን ያለብሰኛል?» አለ። እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያለው።

«እኛ አለን» አለች እናቴ።

«እኔ እኮ የምቀበረው ገረሴ ነው። ሩቅ ነው።»

«ቢርቅስ?»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ምሳ ይበላ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም እህቱ መጥታ ወደ ገረሴ ወሰደችው። ባለፈው ዓመት ማረፉ በስልክ ተነገረን። ከቢሮዬ ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ፣ «ሟቹ ምንሽ ነው?» አለኝ። «አጎቴ» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

እናቴ ባንዲራውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ገረሴ ወጣን። መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ እየቀረ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ ጉሙ እየወረደ መጣ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ነበር። ወንዶች እንደ አገሩ ወግ ጦር ይዘው እየሮጡ ያለቅሳሉ፤ በሌላ ወገን የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይዘምራሉ። ሳጥኑን ሊያነሡ ሲሉ እናቴ ባንዲራውን ገልጣ ቀረበች። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በአማርኛ፣ «እናንተ ከየት ናችሁ? ይሄስ ምንድን ነው?» አሉን።

እናቴ በጋሞኛ መለሰችላቸው። ረጅም ተናገረች። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ስለ ባሏ፣ ስለ ምሽጉ፣ በዚህ ጨርቅ ሥር ስላለፉት ሰዎች ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ዞር አሉልን። ባንዲራውን አለበስነው። ቀዩ ከመታጠብ ብዛት ደብዝዞ ነበር። የሚሮጡት ሰዎች ሩጫቸውን ትተው ቆሙ።

መቃብሩ ጋ እናቴና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አጠፍነው። ስንጨርስ የጋሼ እህት፣ ወገቧ የጎበጠ አሮጊት፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። እናቴ አንድ አፍታም አላመነታችም፤ ሰጠቻት።

ከቀብር መልስ ቤቷ አስገባችንና እሳት ዳር ተቀምጠን ቆጮ ቀረበልን። ወንድሟ ጎረምሳ ሆኖ ከቤት ወጥቶ የተመለሰው ሽማግሌ ሆኖ ነው። «ወጣትነቱን አላውቀውም» አለች፤ እናቴ ተረጎመችልኝ። «ወታደር ቤት እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

እናቴ፣ «ወሎዬውን ባሌን ይቺን አስተምሮታል» ብላ በቀስታ አንድ የጋሞኛ ዘፈን አወጣች። አባቴ ፂሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉረው ነበር። ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ቃላቱን እየሰባበረ ይዘፍነዋል፤ ምሽግ ውስጥ ዘብ ሲቆሙ ያስተማረው ጋሼ ነው። እናቴ ያንኑ የአባቴን የተሰባበረ አነጋገር አስመስላ ስትዘፍነው አሮጊቷ አፏን በእጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

«የእናታችን ናት!» አለች። «ገብስ ስታርም የምትላት ናት! ያ ወሎዬ እንዴት አድርጎ ነው የሚላት? እስቲ ድገሚልኝ።»

እናቴ ደገመችላት። አሮጊቷም ባንዲራውን ታቅፋ ቃላቱን እያቃናችላት አብራት ዘፈነች። እኔም ከሁለቱ እየሰማሁ የመጀመሪያውን ስንኝ ያዝኩ።