አሥራ ሰባት ገጽ ያለ ስም

የሰባ ዓመተ ምሕረት በጋ ነፋሱ ልዩ ነበር። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ነፋስ የፒያሳን አቧራ እያፈሰ ቤታችን ድረስ ያመጣዋል። ነፋስ ደግሞ ወረቀትም ያመጣል፤ እኛም የምንፈራው እሱን ነበር። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ወረቀት ደጃፉ ላይ የተገኘበት ሰው አለቀለት። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ በየጠዋቱ ግቢውን ሳትዞር ውሃ እንኳ አትቀዳም ነበር። የድሮ ደብተሬን ሳይቀር ምድጃ ውስጥ ከትታብኛለች።

መምህር ይልማ እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ እንኳ እግሩን አስቦ የሚያስቀምጥ። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ጣሊያንኛውንም የሰይፍ ጨዋታውንም ከዚያ ሰውዬ ተማረ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲገባ ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ላይ ፎቶ የተነሡ ሥዕሎች ትቶለት ሄደ። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ፈረንጆች ረጅም ሰይፍ በሁለት እጅ ይዘው እንዴት ይዋጉ እንደነበር የሚያሳዩ ናቸው። ይልማ ሰባት ዓመት ሙሉ እነሱን ሲያጠና ኖረ።

ጓሮ ወስዶ የመጥረጊያ እንጨት ያስይዘኝና "ብርቅዬ፣ ምቺኝ" ይለኛል።

"ጋሽ ይልማ፣ ጥርስህን ባወልቀውስ?"

"ሽሮ ለሚበላ ሰው ጥርስ ምን ያደርጋል!"

እናቴ ከመስኮት ሆና "እንዲህ እየተደባደቡ ነው የሚጋቡት?" ትለናለች። እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

አንዱ ሥዕል ላይ አንድ ሰው ሰይፉን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። የተማሩት ሁሉ "ጠላቱን እየጠበቀ ነው" ብለው ጽፈዋል። ይልማ ስንት ቀን እንደዚያ ካቆመኝ በኋላ "አየሽ፣ ክብደትሽ የፊት እግርሽ ላይ ነው። የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይቆምም። ይሄ ሰው መትቶ ጨርሷል" አለ። የጻፈውም ይህንኑ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ታይፒስት ሆኜ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ በቢሮው የፈረንጅ ፊደል የጽሕፈት መኪና ጻፍኩለት። ጣሊያንኛ ስለማላውቅ ፊደል በፊደል እያየሁ፣ አሥራ ሰባት ገጽ።

ጣሊያን አገር የጥንት መሣሪያ የሚያጠኑ ምሁራን መጽሔት አላቸው፤ አስቀድሞ በደብዳቤ ጠየቃቸው። መልሱ ጥር ላይ መጣ። እስከ መጋቢት መጨረሻ በሁለት ቅጂ ይድረሰን፤ ግን ጽሑፉ ላይ የጸሐፊው ስም እንዳይኖር፤ ይታተም አይታተም የሚሉት ዳኞች የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሚያነቡት ይላል።

"ሰማሽ ብርቅዬ! የማን ልጅ ነህ የለ፣ ዲግሪህ የታለ የለ፤ ሥራህን ብቻ አምጣ! እኔ የስፖርት አስተማሪው ከፕሮፌሰር እኩል ልነበብ ነው።"

ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል ግን በእኛ ቀበሌ ታይቶ ማኅተም ካልተመታበት አይላክም ነበር። አብረን ሄድን። ማኅተም ያዡ ጓድ ሞገስ ገለጥ ገለጥ አደረገው።

"የማን ነው?"

"የእኔ" አለ ይልማ።

"ታዲያ ስምህን ምን በላው?"

"ሕጋቸው ነው። ፖስታው ላይ አለ እኮ።"

"ፖስታው ይቀደዳል፤ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ሰይፍ የመዘዘ ሰው ሥዕል፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ባለቤት የሌለው! ጓድ መምህር፣ በዚህ ጊዜ ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ማነው? እስቲ አንተው ንገረኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ። የመኪና ፊደል እንደ ጣት አሻራ ይታወቃል።"

መንገድ ላይ ይልማ "ስም ከገባበት አይቀበሉትም። በመንገደኛ እልከዋለሁ" አለ።

በዚያው ሳምንት አብራኝ የተማረች ልጅ ቦርሳዋ ውስጥ ወረቀት ተገኝቶ ተወስዳለች። እስከ ዛሬም አልተመለሰች። "ለእኔ ስጠኝ፣ ለምኜ ማኅተሙን አስመታዋለሁ" አልኩት። አመነኝና ሰጠኝ።

ቢሮ ገብቼ በየገጹ ራስጌ ላይ ስሙን መታሁበት። ሠላሳ አራት ጊዜ። ጓድ ሞገስ "አሁን ሰው ሆነ" አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። ላክሁት። ለይልማ "አለፈ" ስለው እጄን ሳመኝ። እንዴት አለፈ ብሎ አልጠየቀም።

ሰኔ ላይ ጥቅሉ ተመለሰ። ስም ስላለበት ለዳኞች አልቀረበም፤ ስሙ አንዴ ስለታወቀም ዳግመኛ አናየውም ብለዋል። ይልማ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ደብዳቤውን አነበበ፤ ከዚያ ገጾቹን አየ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ብትነግሪኝ እኮ እምቢ እልሽ ነበር።"

"ለዚያ ነው ያልነገርኩህ። እንዳይወስዱህ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ምንኛ በወደድኩ። ከማግስቱ ጀምሮ "ወይዘሪት ብርቅዬ፣ እንዴት አደሩ" ይለኝ ጀመር። ጓሮ አልጠራኝም። ሥዕሎቹን የት እንዳደረጋቸው አላውቅም። ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅሁ። በሕይወት አለ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ያን ፊቱን አስታውሳለሁ።

በሰባ ሁለት ራሱ አመልክቶ ነገሌ ቦረና ተዛወረ። በሰባ ስድስት ደምሴ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር እዚያ አግኝቶት ነበር፤ ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ስፖርት ያስተምራል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያለበትን አላውቅም።