ገጠመ እንጂ መች ያዘ

ጋራዡ እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ «አቶ ይገጥማል» ይለዋል። የአንዷን አሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ ለሌላዋ፣ የሌላዋን ታምቡር ለሦስተኛዋ ሲያዋድድ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ደንበኛ ዕቃ ጠፋ ብሎ ሲያማርር ከብረት ክምሩ አንዱን መዝዞ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ «ይገጥማል» ይላል። በራሱም ይቀልዳል፦ «እኔም እኮ ለሚስቴ ዋናው ሲጠፋ የተገኘሁ ነኝ።»

ሴት ልጁ በእሱ አሮጌ መኪና የመንጃ ፈቃድ ልትፈተን ነበር። ሁለት ጊዜ ወድቃ «አሁን ከወደቅኩ መሪ አልነካም» ብላ ምላለች። በዋዜማው ከፊት ግራ ጎማ የፍሬን ዘይት ሲንጠባጠብ አየ፤ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የምትገፋው ትንሿ ፖምፓ አርጅታለች። ከሌላ መኪና የፈታትን ቢያስገባ ልክክ አለች። መኪናዋን በግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ነዳት፤ ፍሬን ሲይዝ ቆመች።

«መንገድ አውጥተህ ሞክራት እንጂ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ! ገጠመ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ ፈተናው ላይ ልጁ ፍጥነት ጨምራ ፍሬን ስትረግጥ መኪናዋ ወደ ግራ ተወርውራ የመስመሩን ምልክት ጨፈለቀች። ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች።

«እጄ ነው ጠማማው» አለች ቤት ገብታ እያለቀሰች። «ይቅርብኝ፣ አባዬ።»

አባቷ ጋራዥ ሄዶ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ፖምፓ ፈታ፤ ነገሩ ገባው። የሠላሳ ዓመቱ ሊቅ ብሎኑን ያየ፣ ቀዳዳውን ያላየ! ጥፋቱን ክምሩ ውስጥ ጥሎ ዝም ሊል ለአፍታ ዳዳው፤ ስሙን ይወዳታላ። ከዚያ ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልሎ ልጁ ፊት አስቀመጠ።

«ጣትሽን ክተቺባቸው።»

በቀኙ ትንሿ ጣቷ ብቻ ገባች፤ በግራው አውራ ጣቷ ሰተት አለ።

«ሰፊው በርትቶ ይገፋል፤ ግራው ጎማ ጠንክሮ የያዘው ለዚያ ነው። ጠማማው የኔ ራስ ነው እንጂ ያንቺ እጅ አይደለም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ፖምፓዎቹን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለች።

«እንደገና ይፈትኑኛል?»

«ይፈትኑሻል።»

ተከትላው ጋራዥ ሄደች። ቱታውን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰችው፤ እጅጌው ጣቷን ዋጠው፣ እግሩ መሬት ጠረገ።

«ይገጥማል» አለች።

ከክምሩ ውስጥ ቀዳዳዋ ከቀኝ ጎማው ፖምፓ እኩል የሆነች እስክታገኝ በጣቷ እየለካች ፈለገች፤ አሰረቻትም፤ በዘይት ቱቦው የገባውን አየር ልታስወጣ ጎማው ሥር ተንበረከከች። አቶ ይገጥማል መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ርገጥ ስትለው ረገጠ፣ ልቀቅ ስትለው ለቀቀ።