ሦስት ደቂቃ ለግሊኒስ ኦድሊንግ

ግሊኒስ ኦድሊንግ በሕይወቷ ስብሰባ የሚባል ነገር ወዳ አታውቅም። የተወለደችውም የኖረችውም በእንግሊዟ ሊንከንሻየር ሜዳ፣ ኦርምቢ ከምትባለው መንደር ዳር ነው። አያቷ የተከራዩትን ሰማንያ ሄክታር እርሻ አባቷ ተረከቡ፤ ከአባቷ ደግሞ እሷ ተረከበች። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ትዘራለች፤ ሁለት መቶ በጎችም አሏት። መሬቱ የአሽዳውን ቤተሰብ ነው። ቢሆንም የቱ ማሳ ዝናብ ሲበዛ ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ጥግ ላይ ትራክተር እንደሚሰጥም የምታውቀው እሷ ናት። አሽዳውኖች የሚያውቁት ካርታውን ብቻ ነው።

ደብዳቤው የመጣው በመጋቢት፣ በጎቹ በሚወልዱበት በዚያ ቀንና ሌሊቱ በማይለይበት ሰሞን ነበር። እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ከፈተችው። አንድ ኩባንያ በኦርምቢ ዙሪያ አምስት መቶ ሄክታር ላይ ሶላር ሊተክል ፈቃድ መጠየቁን ይገልጻል። ካርታም ተያይዟል። ሶላር የሚተከልበት ቦታ ሰማያዊ ተቀብቷል። ከእሷ ሰማንያ ሄክታር ሃምሳ ስምንቱ ሰማያዊ ሆኗል።

ወዲያው ለባለመሬቱ ደወለች። ጁሊየን አሽዳውን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ርስቱን ከአባቱ ከወረሰ አራት ዓመት ቢሆነውም የሚኖረው ለንደን ነው፤ ኦርምቢን የሚያያት ለገናና ለቀብር ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሷን ያናደዳትም ይኸው ደግነቱ ነው።

«ግሊኒስ፣ ልደውልልሽ እኮ ነበር» አላት። «ደግሞ ለዘለዓለም አይደለም። ጊዜያዊ ነው። ለአርባ ዓመት ብቻ።»

«እኔ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጁሊየን።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አርባው ሲያልቅ መቶ አንድ ይሞላኛል ማለት ነው። ያኔ ደውልልኝና መጥቼ አርሳለሁ።»

ጁሊየን ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሕጉ ፈቃዱ ከወጣ ተከራይን ማስለቀቅ እንደሚፈቅድ አባቷ ገና በልጅነቷ ነግረዋታል። ባሏን ኬንን ምን ይሻላል ብላ ስትጠይቀው፣ ዳሌውን እያሻሸ «እስቲ እናያለን» አለ። ኬን ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነው፤ ዝናቡንም፣ የትራክተሩን ብልሽትም፣ የገዛ ዳሌውን ቀዶ ጥገናም «እስቲ እናያለን» እያለ ነው ያሳለፈው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በግንቦት ኩባንያው ሕዝቡን ላወያይ ብሎ የመንደሩን አዳራሽ ተከራየ። ሻይና ብስኩት ቀረበ፤ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ የበዛበት ሥዕል ተሰቀለ። ታምሲን የምትባል ፈገግታ የማይለያት ወጣት የኩባንያው ሠራተኛ ግሊኒስን ተቀብላ፣ ከሶላሩ ሥር በጎች ሊግጡ እንደሚችሉ በሥዕሉ እያሳየች አስረዳቻት።

«የማን በጎች?» አለች ግሊኒስ።

«እሱ ዝርዝር ነው፤ ወደፊት ይወሰናል።»

«እኔን ካስወጣችሁኝ በኋላ ነው ወይስ በፊት የሚወሰነው?»

ታምሲን ጥያቄውን በማስታወሻዋ ከመዘገበች በኋላ ግሩም ጥያቄ መሆኑን ነገረቻት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ግሊኒስ ብስኩቷን ሳትነካ ወጣች።

ከኩባንያው ይልቅ አንጀቷን ያሳረራት ግን የገዛ መንደሯ ነው። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ለሃያ ዓመት እንቁላል የሸጠችላት ሴት ሳይቀር «መሬትሽን ለመስታወት ሸጥሽ አሉ» አለቻት። ተከራይ መሆኗን፣ ተከራይ ደግሞ የሚሸጠው መሬት እንደሌለው፣ እንዲያውም ተባራሪዋ ራሷ መሆኗን ስታስረዳ ያ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ነበር። ለጁሊየን ስልክ የደወለለት ሰው የለም። አህያውን ፈርተው ዳውላውን።

ከዚያ ዴዝመንድ ፔይጅ መጣ። ዴዝመንድ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ኦርምቢ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግሊኒስ የእህል ጎተራ ልትሠራ ስትጠይቅ፣ የመንደሩን እይታ ያበላሻል ብሎ ፊርማ አሰባስቦ ያስከለከላት እሱ ነው። አሁን ደግሞ «ኦርምቢን እናድን» የሚል ኮሚቴ አቋቁሞ ሊቀ መንበር ሆኗል፤ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ግቢዋ ቆመ። ግሊኒስ ግልገል አቅፋ፣ ከኋላዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ መነሳት አለባት አለ።

ውጣ ልትለው ነበር። ግን ሌላ ማን አላት? ግልገሏን አቀፈች፤ ፎቶው ተነሳ። ከሥሩ ግን «ይቺ ገበሬ ልትፈናቀል ነው» ተብሎ እንዲጻፍ ለመነችው።

«እሱ ሰው አይስብም» አለ ዴዝመንድ። «ሰው የሚያየው ውበቱን ነው።»

የኮሚቴው በራሪ ወረቀት ሲወጣ የሷ ፎቶ ሥር «ውበታችንን አትንጠቁን» የሚል ተጽፎበታል። የሷ ስም እንኳ የለም። ቤት ለቤት ሲበተን አንዱ የሷም በር ሥር ገባላት።

ያን በጋ ዝናብ ከእርሻ ባስቀራት ቁጥር የኩባንያውን ጥናት ታነብ ነበር። ከሦስት ሺህ ገጽ በላይ ነው። ከፍ ብለው እየበረሩ ስለሚዘምሩ የሜዳ ወፎች አሥራ አንድ ገጽ አገኘች፤ የት እንቁላል እንደሚጥሉ፣ ስንት ጎጆ እንዳላቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ተዘርዝሯል። ስለ ሌሊት ወፍ ደግሞ አራት። ስለ ራሷ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። በመጨረሻ አንድ መስመር አገኘች፤ «አንድ በኪራይ የተያዘ እርሻ ይነካል፤ ተጽዕኖው ቀላል ነው።» ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ኬንን ጠርታ አስነበበችው። ኬን መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገ። ያን ቀን እንኳ «እስቲ እናያለን» አላለም።

በጥቅምት አጋማሽ ጉዳዩን እንዲመረምሩ በመንግሥት የተላኩ አንዲት ሴትዮ በከተማው ሆቴል አዳራሽ ሰው መስማት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ተፈቀደ። ዴዝመንድ ከመስኮቱ የሚታየውን ሜዳ በትልቅ ስክሪን እያሳየ፣ ስለ ሰማዩ ስፋትና ስለ ንጋቱ ጭጋግ ተናግሮ ተጨበጨበለት። የግሊኒስ ተራ ሲደርስ የጻፈችው ወረቀት ኪሷ ውስጥ ተጨማድዶ ነበር። ትታው ተነሳች።

«እኔ ሶላር አልጠላም» አለች። «የበጎቼ ቤት ጣራ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው አለኝ፤ ጥሩ ነው የሚሠራው። እይታውም አይደለም የኔ ጉዳይ። ስንዴ የሚያጭድ ሰው እይታ የሚያይበት ጊዜ የለውም። እኔ የምለው፣ ይኼ መሬት ሦስት ትውልድ ያበላን ነው። አያቴ ረግረጉን በአካፋ ነው ያደረቁት። እናንተ ተጽዕኖው ቀላል ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። ለማን ነው የቀለለው? ለወፎቹ አሥራ አንድ ገጽ ሰጣችሁ፤ ጥሩ፣ እኔም ወፎቹን እወዳቸዋለሁ። ለኛ ግን አንድ መስመር። የጎተራው ጣራ፣ የፋብሪካው ጣራ፣ የገበያ አዳራሹ ጣራ ሁሉ ባዶውን ተቀምጧል። መጀመሪያ እሱን ሸፍኑና ከዚያ ወደኔ ኑ።»

ሰዓቱ አልቋል ተባለች። መርማሪዋ አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ነገር ጻፉ። ጭብጨባ የለም።

መውጫው ላይ ዴዝመንድ ክንዷን ይዞ አስቆማት። «ጣራሽ ላይ ያለውን ባታነሺው ጥሩ ነበር» አላት በለሆሳስ። «ጎዳሽን።»

ክንዷን አስለቅቃ ወጣች። ፒክአፕ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨበጠች። ኬን ከጎኗ ተቀምጦ ዝናቡን እያየ «ደህና ተናገርሽ» አላት። «አባትሽ ቢሰሙ ይኮሩ ነበር።» እሷም መኪናዋን አስነስታ እስከ ቤት ድረስ ስታለቅስ ነዳች፤ ኬን ማርሽ ስትቀይር ብቻ እጇን ይለቃት ነበር።

ውሳኔው የመጣው በሚቀጥለው ሐምሌ ነው። ሚኒስትሩ ፈቅደዋል። ሆኖም የመንደሩን እይታ ለመጠበቅ ሲባል ከመኖሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ማሳዎች፣ ሃያ ስድስት ሄክታር፣ ከዕቅዱ ወጥተዋል። የዴዝመንድ መስኮት የሚያየው እነሱን ነው። የግሊኒስ ሃምሳ ስምንት ሄክታር እንዳለ ሄደ። ሪፖርቱ ውስጥ ግን «ቀላል» የምትለዋ ቃል ተሰርዛ፣ በተከራይዋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት «እውነተኛና ከባድ» ነው፣ ይሁንና ከአገር ጥቅም አይበልጥም የሚል ተተክቷል።

«ቢያንስ እውነቱን ጽፈዋል» አለ ኬን።

«ታዲያ ምን ላድርገው? በጎቹ ይብሉት?»

ኮሚቴው በመንደሩ መጠጥ ቤት ድል አከበረ። ግማሽ ድል ነው አሉት። ግሊኒስንም ጠሯት፤ ሄደች። ዴዝመንድ ብርጭቆውን አንስቶ ስለ መንደሩ አንድነት ሲናገር ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቀች። «እይታችሁ ተርፏል፣ ደስ ብሎኛል» አለች ሳትጮህ። «ከሚወሰደው ማሳ የመጨረሻ ስንዴዬን በነሐሴ አጭዳለሁ። አንድነቱ የቱ ጋ እንዳለ ማየት የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይርዳኝ።» ኮቷን ለብሳ ወጣች። በነሐሴ ከመጠጥ ቤቱ ሰዎች አንዱ ብቻ መጣ፤ የቤቱ ባለቤት። ከባድ ሰው ነው፣ ሙቀቱም አልቻለም ነበር፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ የእህል ጋሪ ነዳላት።

ስለ በጎቹ ግጦሽ ታምሲንን ብትጠይቅ፣ ሥራው ሁለት ሺህ በግ ላለው ከሩቅ ለመጣ ድርጅት ተሰጥቷል ተባለች። ከበጎቿ መቶ ሠላሳውን ሸጠች። ገዢው ሲጭናቸው ቆማ ማየት ስላልቻለች ኬንን ልካ እሷ ወጥ ቤት ገብታ መታጠብ የማያስፈልገው ድስት ስታጥብ ዋለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ብድግ ብላ ለጁሊየን ደወለች። ከዕቅዱ የወጡትን፣ እነሱም የአሽዳውን የሆኑትን ሁለት ማሳዎች ለርስቱ በቅጥር የሚያርሱት ሽማግሌ ሥራ ማቆማቸውን ሰምታለች። ጁሊየን ለአንድ ዓመት ብቻ አከራይሻለሁ አለ። እሷ ሃያ ዓመት አለች። በየዓመቱ እየለመነች እንደማታርስ፣ እምቢ ካለ ደግሞ በአባቱ መታሰቢያ ጸሎት ላይ ተነስታ ለመላው ርስት ተከራዮች እንደምትናገር በእርጋታ ነገረችው። በአሥራ አምስት ተስማሙ። ከሰማንያ ሄክታር አርባ ስምንት ቀራት ማለት ነው፤ ይበቃል ለማለት ይከብዳል፣ አይበቃም ብሎ ለመተውም ያሳሳል።

በዚህ የካቲት ዴዝመንድ በግቢዋ በር ብቅ አለ። ሌላ ኩባንያ ከሶላሩ አጠገብ የባትሪ ማከማቻ ሊሠራ ደብዳቤ በትኗል። ኮሚቴው እንደገና ሊነሳ ነው፤ እሷ ደግሞ ጥሩ ተናጋሪ ናት። ግሊኒስ የአንዲት በግ ሰኮና እየቆረጠች ነበር።

«ያዝልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«በጓን። እግሯን ሳይሆን ከአገጯ። አጥብቀህ።»

ዴዝመንድ በንጹሕ ጃኬቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ያዘ። በጓ ስትወራጭ አብሯት እየተወዛወዘ ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ እይታ ያብራራ ጀመር።

«እይታውን ተወው» አለች ግሊኒስ መቁረጫውን ሳታቆም። «በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው ማን እንደሚፈናቀል ነው። ስሙ ተጠቅሶ። እሺ ካልክ እመጣለሁ።»

ዴዝመንድ አሰበ። በጓ አስነጠሰችበት።

«እሺ» አለ።

«ጥሩ። የቀሩት ስድሳ ዘጠኝ ናቸው» አለችና ቀጣይዋን ለማምጣት ሄደች።