ግሪሳ ሊረጭ የመጣው አውሮፕላን

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና በጥቅምት ወር፣ ለእህቴ ሠርግ ወደ ቡታጅራ በሄድኩበት ሰሞን ነው። የሰሙ ጓደኞቼ አውሮፕላን ያስቆምኩበትን ቀን እንደ ጀብዱ ይቆጥሩልኛል። እኔ ግን የማልረሳው በሌላ ምክንያት ነው። ያን ቀን ያስቆምኩት አውሮፕላን የገዛ አባቴን ማሽላ ሊያድን የመጣ ነበር።

ሥራዬ የአውሮፕላን ገላ መመርመር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥገና ክፍል ተቀጥሬ እሠራለሁ። አውሮፕላን እንደ መኪና በየጊዜው ቀለሙ ይታደሳል። ተቀብቶ ሲመጣ ሌላው ሰው ውበቱን ያያል፤ እኛ ግን ቀለሙ የሸፈነው ነገር ይኖር እንደሆነ እንፈልጋለን። ድሮ የተጋጨ ቦታ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ አሮጌው ቀለም ሲፋቅ በስለት የተጫረ መስመር ሁሉ አዲስ ቀለም ስር ሊደበቅ ይችላል። ባትሪ አብርተን ብርሃኑን ከገላው ጋር አስተኝተን እናያለን። በጣት እንዳብሳለን። ቀስ ብለን እየመታን ድምፁን እናዳምጣለን። ይህ ነገር አመል ሆኖብኝ የሚኒባስ በር እንኳ ሳልዳብስ አልገባም። እናቴ "ይቺ ልጅ ባል ቢመጣላትም አንኳኩታ ነው የምታየው" እያለች ትስቅብኛለች።

አባቴ እንሴኖ አካባቢ ማሳ አለው። ያን ዓመት ማሽላው አምሮ ነበር። ልክ ፍሬው መጠንከር ሲጀምር ግሪሳ መጣ። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ ምን ያህል ይበላል ይል ይሆናል። ግሪሳ ግን አንድ ወፍ፣ ሁለት ወፍ ተብሎ አይቆጠርም። እንደ ጭስ ተነስቶ፣ እንደ ጭስ ተጠምዝዞ ማሳው ላይ ይወርዳል። ሲነሳ አገዳው ብቻ ቆሞ ይቀራል። ቤት የደረስኩ ዕለት አባቴ ስለ ሠርጉ ትንፍሽ አላለም። ከሰላምታው ቀጥሎ የነገረኝ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን እንደሚመጣ ነው።

እውነትም በማግስቱ መጣ። ከእንሴኖ ወጣ ብሎ የግጦሽ ሜዳ ተደልድሎ ነበርና እዚያ አረፈ። ወፎቹ ሲመሽ ተሰብስበው የሚያድሩበት ጫካ ስላለ፣ መድኃኒቱ የሚረጨው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከብቶች ከአካባቢው እንዲርቁ ተነግሮ ነበር። ሰው ግን ከሜዳው ዳር በተወጠረው ገመድ ጀርባ ተደርድሮ ያያል።

አባቴ እጄን ይዞ በሰው መሃል እየገፋ ወደ ፊት ወሰደኝ። "ልጄ እኮ የአውሮፕላን ሐኪም ናት" ይላል ለሚያውቀውም ለማያውቀውም። ሳላስበው ከአብራሪው ፊት ቆምኩ። ካፒቴን ዳንኤል ይባላሉ፤ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው ፀሐይ የመታው ሰው ናቸው። አባቴ የት እንደምሠራ ነገራቸው። የእሱ ማሽላ የትኛው እንደሆነም በጣቱ አሳያቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ገመዱን ከፍ አደረጉልኝና "ነይ እህቴ፣ ባለሙያ ከውጭ አይቆምም" አሉኝ።

አውሮፕላኑ ትንሽ፣ ባለ አንድ ሰው መቀመጫ ነው። ቢጫ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል።

"ቀለሙ አዲስ ነው?" አልኳቸው።

"ከውጭ ተገዝታ የመጣችው በቅርቡ ነው። ይህንኑ ቀለም ተቀብታ ነው የመጣችው። ሙሽራ አትመስልም?" አሉኝ።

ሙሽራ ትመስላለች። ፀሐይዋ ከዘቢዳር ተራራ በላይ አዘቅዝቃ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ተኝታለች። እኛ በባትሪ የምንሠራውን ሥራ ፀሐይዋ ራሷ ትሠራው ነበር። የተወጠረው ገመድ ጥላ በሚያብረቀርቀው ገላ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ጅራቱ ሲቃረብ ስብር ይላል። ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። ቀጥ ያለ ገመድ ቀጥ ባለ ቆርቆሮ ላይ አይሰበርም።

ጠጋ ብዬ ዳበስኩት። ሌላው ቦታ ላይ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ የሚያያይዙት ሪቬቶች በጣት ይታወቃሉ። እዚያ ቦታ ግን ለስልሰው ጠፍተዋል። የቤት ቁልፌን አውጥቼ ቀስ ብዬ መታሁት። ጥሩው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እሱ ግን እንደ ግድግዳ ድፍን አለ።

ዞር ስል አባቴን አየሁት። ከገመዱ ጀርባ ቆሞ እየሳቀ ለጎረቤታችን ለጋሽ ከድር ያሳየኛል። ጋሽ ከድር ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት አምሮኝ ነበር። እረፍት ላይ ነኝ። መሣሪያ የለኝም። ማንም መርምሪ አላለኝም። ደግሞ ብሳሳትስ? በእኔ ስህተት አውሮፕላኑ ቢቆም፣ ወፎቹ ነገ ጠዋት ማሽላው ላይ ናቸው። ሆኖም ይህ ቦታ ጅራቱን የተሸከመው ነው። እሱ አየር ላይ ከተከፈተ ሰውየው መመለሻ የላቸውም።

"ካፒቴን፣ እዚህ ጋ ከቀለሙ ስር ስቱኮ አለ ብዬ እገምታለሁ" አልኳቸው። "ስቱኮ ካለ ደግሞ ከስሩ የተጎዳ ነገር አለ።"

ፈገግታቸው ጠፋ። ጎንበስ ብለው ቦታውን አዩት።

"አሁን ሥራ ላይ ብትሆኚ ኖሮ እንድትበር ትፈቅጂ ነበር?"

"አልፈቅድም።"

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። አውሮፕላኗን የሚጠግነውን ሜካኒክ ጠርተው ቀለሙን እንዲፍቀው አዘዙት። ሜካኒኩ ደስ አላለውም፤ ቢሆንም መፋቂያ አምጥቶ ጀመረ። እሱ ሲፍቅ ካፒቴኑ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ አውሮፕላኗ ከመጣች ጀምሮ ስታርፍ ጅራቷ እንደሚንቀጠቀጥባቸው ነገሩኝ። የጅራቱ ገመዶችና ማጠፊያዎች ሁሉ ታይተው ምንም አልተገኘም ነበር።

ከቢጫው ቀለም ስር ስቱኮ ወጣ። ስቱኮው ፍርክስ ብሎ ሲወድቅ የተጨረመተ ቆርቆሮ ታየ። በጭርምቱ ላይ ስንጥቅ ከአንዱ ሪቬት ወደ ሌላው እየዘለለ ወርዷል። ከላይኛው ጫፍ በኩል ብረቱ ገና ያብረቀርቅ ነበር፤ በቅርብ የተሰነጠቀ ነው ማለት ነው። ሜካኒኩ መፋቂያውን እንደያዘ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። "ቀለሙ አታሎኛል" አለ።

ካፒቴኑ ስልክ ደወሉ። ከዚያም ወደ ሰዉ ሄደው ዛሬ እንደማይበሩ ነገሩ።

ያኔ የተሰማውን ጉምጉምታ አልረሳውም። ጋሽ ከድር ከሰዉ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ሲናደዱ አማርኛቸው ከመስቃንኛ ጋር ይቀላቀላል። "እስከ ዛሬ ስትበር አልወደቀችም" አሉኝ። "ዛሬ አንድ ማታ ብትበር ምን ትሆናለች?"

"ምንም ላትሆን ትችላለች ጋሽ ከድር። ልትወድቅም ትችላለች። የትኛው እንደሆነ አላውቅም" አልኳቸው።

"ካላወቅሽ ለምን ተናገርሽ? የልጆቼን ቀለብ ነው ያስቆምሽው።"

ካፒቴኑ መሃል ገቡ። "አባቴ፣ የምበረው እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዉአት" አሉ በትህትና። ጋሽ ከድር ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ወደ ቡታጅራ በባጃጅ ስንመለስ አባቴ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር። ቤት ስንደርስ ሴቶች ለእህቴ ሂና እየቀቡ ይዘፍናሉ። እህቴ ሃያት ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት ከዘፈኑ መሃል ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቅር ብሏት መሰለኝ።

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ቢያንስ ወፍ ልጠብቅ ብዬ ነው። አባቴን በር ላይ ባዶ ቆርቆሮዎችን በገመድ እያሰረ አገኘሁት።

"አባባ፣ ተቀየምከኝ?"

"ከአንቺ ጋር አልተጣላሁም" አለ ቀና ሳይል። "የተጣላሁት ከወፎቹ ጋር ነው። ያ ሰውዬ ወድቆ ቢሞት ያንን ማሽላ እንዴት አድርጌ እበላው ነበር? ነይ፣ ያዢልኝ።"

ቆርቆሮውን ያዝኩለት። ዕንባዬ መጣ፤ እሱ ግን እንዳላየ ሆኖ ቋጠሮውን አጠበቀ።

ማሳው ጋ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆሟል። ከውስጡ የሚወርዱት የሙሽራው ሰዎች ናቸው። የእህቴ እጮኛ ነስሩ የወልቂጤ ልጅ ነው። ሠርጉ እሁድ ስለሆነ የሚጠበቁት በማግስቱ ነበር። ለካ እህቴ ወደ ጓዳ የገባችው ስልክ ልትደውልለት ነው። ሚዜዎቹንና ያገኘውን ዘመድ ሁሉ ጭኖ በሌሊት ከወልቂጤ ተነስቷል። ብረት ድስት የያዘ አለ፣ ጀሪካን የያዘ አለ፣ አንዱ የመኪና ክላክስ ከነባትሪው ተሸክሟል።

ሙሽራ ከሠርጉ ቀን በፊት በሴቷ ቤተሰብ ዘንድ አይታይም። አንድ ሽማግሌ "ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነስሩ ጫማውን እያወለቀ "አባባ፣ እኔ ለወፍ እንጂ ለሙሽራ አልመጣሁም" አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ነስሩም ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ወጣ።

ወንጭፍ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄዶ ከሚዜዎቹ አንዱን ሊፈነክተው ነበር። አባቴ ወጥቶ አሳየው። ወዲያው ግሪሳው በምሥራቅ በኩል ሰማዩን አጥቁሮ መጣ። ጩኸቱን አንድ ላይ ለቀቅነው። ድስቱ፣ ጀሪካኑ፣ ክላክሱ፣ የሰዉ ድምፅ። መንጋው ሊወርድ ሲል ታጠፈ፣ ዞረ፣ እንደገና ሊወርድ ሞከረ። ከፊሉ ጥግ ላይ አረፈና በላ። አብዛኛው ግን ሄደ።

ከዚያ አባቴ እጁን ወደ ጋሽ ከድር ማሳ ዘረጋ። ጋሽ ከድር ከልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን እየጮኹ ነበር። ግማሾቻችን ወሰኑን ተሻግረን ሄድን። እኔም ሄድኩ። ጋሽ ከድር አይተውኝ የያዙትን ጅራፍ ሰጡኝ።

በየጠዋቱና በየማታው እንዲህ ሆነ። የሠርጉ ዕለት እንኳ ጠዋት ወፍ ሲጠበቅ ነው ያረፈደው። ሚዜዎቹ ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር ለሙሽራይቱ የሚዘፍን ሰው ጠፍቶ እኛ ሴቶቹ ብቻችንን ዘፈንን። ጋሽ ከድር ድግሱ ላይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "አሰላሙ አለይኩም። ያን ቀን ክፉ ተናገርኩሽ ልጄ፤ አፉ በይኝ" አሉኝ። እኔም አፉ እንዲሉኝ ለመንኳቸው። ከዚያ ከአንድ ሳህን በላን።

ከሠርጉ በኋላ ሌላ አውሮፕላን መጣ። ያበረሩት ራሳቸው ካፒቴን ዳንኤል ናቸው። ይህኛው አሮጌ ነው፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ መጥፎ ነገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ የወጣ። ወረዱና ከሰዉ መሃል ፈልገው አገኙኝ። "ዙሪያዋን አንዴ እይልኝ" አሉ። ዞሬ አየሁት። ምንም አልነበረውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሱ፣ ከጫካው በላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ፣ በሰላም አረፉ። መሬት እስኪነኩ ድረስ የአባቴ ከንፈር ዱዓ ሲያደርግ አየሁ።

ማሽላው ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። በጫካው በኩል ያለው ጫፍ ተበልቷል። ግን የሚበላም፣ ለዘር የሚቀመጥም ወደ ቤት ገባ። የጋሽ ከድርም እንደዚያው።

ከወራት በኋላ ካፒቴኑ ደወሉልኝ። ቢጫው አውሮፕላን ሲፈታ ከቆርቆሮው ጀርባ ያሉት ደጋፊ ብረቶችም ተሰብረው ተገኝተዋል። ስቱኮውን ማን እንደቀባው እስካሁን አልታወቀም። እኔም ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው። መሣሪያ ሳልይዝ፣ በቁልፍ ብቻ አንኳኩቼ የተናገርኩትን ለምን ወዲያው እንዳመኑኝ ለማወቅ ፈልጌ ነበር።

"ማሽላው የአባትሽ መሆኑን ነግረውኛል እኮ" አሉኝ። "በራሷ ቤት ላይ የምትፈርድ ሰው ሳታስብ አትናገርም ብዬ ነው።"

አሁን ያንን ሳምንት ሳስብ ብዙም በዓይኔ አልኮራም። ፀሐይዋ ባታግዘኝ ኖሮ እኔም ሳላየው አልፈው ይሆናል። ስንጥቁን ማግኘት ከሥራው ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ አፍ አውጥቶ መናገር ነው። አውሮፕላን ጠብቀን አውሮፕላን ሲቀርብን፣ የሰው እጅና የሰው ጩኸት እንደሚበቃን አላውቅም ነበር። ሥራ ቦታ ላይ መጥፎ ዜና መናገር ሲኖርብኝ ዛሬም ይከብደኛል። ቢሆንም እናገራለሁ።

አባቴ ዘንድሮም ማሽላ ዘርቷል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ እንዴት እንደያዘው ጠየቅኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለኝ። "ከእኔ ቁመት አልፏል።"