የኮዳው ኩባያ ቁልቋል

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ መስኮቱ አጠገብ እርጥብ አሸዋ ሸተተኝ። ጠጋ ብዬ ቁልቋሏ የተተከለችበትን የአሉሚኒየም ኩባያ ነካሁት። አፈሩ ርሷል። «ማነው ውሃ ያጠጣት?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣኝም። ለምን እንዳልወጣኝ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው።

ኩባያው የአባቴ ነበር። የድሮው ጦር ሲበተን ከድሬዳዋ እስከ ቦንጋ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ካፖርትና ይህ የኮዳ ኩባያ ብቻ ነበር። ኩባያውን ከታች በሚስማር በስቶ፣ ሎሚ የምታክል ድብልብል ቁልቋል ተክሎበታል። ከከተማው ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር የችግኝ ጣቢያ ከፈተ። የቡና፣ የአቮካዶና የግራቪሊያ ችግኝ ይሸጥ ነበር፤ የምንኖረው በእነሱ ነበር። ከጀርባ ግን በላስቲክ ጣሪያ ሥር ሌላ መደርደሪያ ነበረው፤ ቁልቋሎች፣ እሬቶች፣ ውሃ በወፍራም ቅጠላቸው የሚቋጥሩ ትንንሽ ተክሎች። ዝናብ በማይጠፋበት አገር የበረሃ ተክል ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ባለሱቋ ጎረቤታችን ባለፈች ቁጥር ትቀልድበት ነበር። «ጋሼ፣ እሾህ ገዝቼ ምን ልሁን? ባሌ አይበቃኝም?»

«ይሄኛው እኮ አይናገርም» አላት አንድ ቀን አባቴ። እየሳቀች ሁለት ገዛች።

የመማሪያ መጽሐፋችን ጸደይ በመስከረም ይጀምራል ይል ነበር። የቦንጋ ዝናብ ግን መጽሐፍ አያነብም፤ የእኛ ቁልቋሎች ጸደይ የሚገባው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነበር። ያኔ ላስቲኩ ይገለጥና ሥራ ይጀመራል። ክረምቱን ጥላ የለመደ ተክል በአንዴ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ስለሚቃጠል፣ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ከነሥሩ ይነቀላል፤ የጠቆረው ሥር ይቆረጣል፤ ቁስሉ እስኪደርቅም ሳምንት ያህል ጋዜጣ ላይ ይተኛል። ከዚያ በወንዝ አሸዋና በከሰል ፍርፋሪ ይተከላል። ውሃ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ሳምንት ቆይቶ። አባቴ በእሾሆቹ መሃል የተጋገረውን አረንጓዴ ሻጋታ በጥርስ ብሩሽ እየጠረገ በወታደር አማርኛው ይቆጣቸዋል፤ ማባበል ሲያምረው ደግሞ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ይዞራል። የብሩሹ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ልክ በዚያ ሰሞን፣ እግሩ ማበጥ ጀመረና ከእናቴ ጋር ለሕክምና ጅማ ሄደ። የኩባያዋን ቁልቋል ሥሯን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ከመሄዱ በፊት ባለው ቀን ተክሏት ነበር። ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «እኔ ሳልመጣ ጠብታ ውሃ እንዳታሳያት» አለኝ።

ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ቆዳዋ ተሸብሽቦ አየሁ። በእኛ አገር የጠወለገ ነገር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። እኔም በየጠዋቱ አንድ አንድ ብርጭቆ አጠጣኋት። ቁልቋሏ ሞላች፣ አበጠች፣ አማረባት። አባቴ ሲመለስ ከበር ጀምሮ እየጎተትኩ ወሰድኩት። «እያት አባዬ፣ እንዴት እንደወፈረች!»

በአውራ ጣቱ ጫን አላት። ጣቱ ሰመጠ። የበሰበሰ ድንች የመሰለ ሽታ ወጣ።

አልተቆጣም። «የምትሞተው ከሥር ነው፤ ላይዋ እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳል» አለ። ከአናቷ ያልተበላሸ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ጋዜጣ ላይ አስተኛት። እኔ አለቅስ ነበር። «ማዘንሽ ደግ ነው» አለኝ፤ «ግን ልክ ይኑረው።»

ያንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

ለእሱም ልክ ተሰጥቶት ነበር። ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት ስላቃተው፣ ሐኪሙ በቀን ከሦስት ብርጭቆ በላይ እንዳይጠጣ አዞታል። እናቴ ሲለምናት መጨከን አልቻለችም፤ ስለዚህ ብርጭቆዎቹን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሩን በአውራ ጣቴ ጫን አደርግና ጉድጓዱ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። በየቀኑ ለመሙላት ይዘገይ ጀመር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ ሲያዳምጥ ቆየ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«የኔ ልጅ» አለኝ፤ «ጉሮሮዬን ብቻ አርጥቢልኝ።»

«አባዬ፣ የቀትሩን ጠጥተሃል። የማታው ሲደርስ እሰጥሃለሁ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ጎበዝ» አለኝ። «ተምረሻል።»

ሰዓቱ ደርሶ ብርጭቆውን ይዤ ስገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባቴም አልፏል።

ሐኪሙም እናቴም ትክክል ነበርሽ ብለውኛል። አውቃለሁ፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ እኔም እንደዚያው ነው የማስረዳው። አንድ ጉንጭ ውሃ ግን ምንም ባልለወጠ ነበር።

የችግኝ ጣቢያው ቦታ ዛሬ የባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል። ጋዜጣ ላይ ያስተኛት ቁራጭ ግን ሥር አወጣች፤ ክፍሌ መስኮት ላይ ያለችው እሷ ናት።

ሰኞ ዕለት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የጠማት መስሎኝ ነው» አለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት። ስለ ሥርና ስለ ውሃ ላስረዳ ጠመኔ አነሳሁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ግን ቀኑን ብቻ ነበር።