ዋሴ ወንድሜ ነበር

የዚያን ቀን ጠዋት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሻይ ጠጣን። እሱ ቀለም ቀቢ ነው። ነበር። እኔ ሓድነት፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ መጋዘኑን እይዛለሁ። ቧንቧውን፣ ቀለሙን፣ ምስማሩን የምረከብም የማስረክብም እኔ ነኝ። ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይ ብዙ አያልፍም። በከተማው ሰሜን በኩል ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች የተሻለ እንከፍልሃለን ብለውኝ ነበር።

«ልልቀቅ እንዴ?» አልኩት።

«ደመወዝህ ትንሽ፣ ጥያቄህ ብዙ» አለና ሳቀ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልቀቅም፣ ቆይም አልልህም ሓወይ፣ ወንድሜ። ብትለቅ ግን ዕቃውን አስቆጥረህ ውጣ። ዋስህ እኔ ነኝ። አንድ ቧንቧ ቢጎድል የሚይዙት እኔን ነው።»

«አንተን ይዘው ምን ሊያገኙ? ብሩሽ?»

«ብሩሹም የአሠሪዬ ነው» አለኝ።

ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከሚቀባው ፎቅ መወጣጫ ላይ ወደቀ ብለው ደወሉልኝ። ዓይደር ሆስፒታል ስደርስ አልጠበቀኝም።

አሠሪዬ፣ ባለሱቁ፣ ለቅሶ መጥቶ ከእኛ ጋር ሲቀመጥ ሰነበተ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ የተመለስኩ ዕለት ግን ጠራኝ። ፊቴን አላየም።

«ሲመችህ ሌላ ዋስ አምጣ። ደንብ ሆኖብኝ ነው።»

ማታውን ለአጎቴ ነገርኩት። «እኔ እሆንልሃለሁ» አለ። «አርፈህ ሥራህን ያዝ። በዚህ ጊዜ ሥራ ይለቀቃል?»

እውነቱን ነው። ብሎኬት ቤቱ ነገ ሊዘጋ ይችላል። እዚህ ቢያንስ ባለሱቁን አውቀዋለሁ። ግን ሌላ ዋስ ካመጣሁ፣ ወንድሜ ከዋስነቱ የወጣው ስለሞተ ብቻ ይሆናል። ዕቃው ተቆጥሮ፣ ምንም አለመጉደሉ ታይቶ አይደለም። ይህን ለአጎቴ ላስረዳው ሞከርኩ። አልቻልኩም። «ይቅርብኝ» ብቻ አልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ሄጄ መጋዘኑን ከፈትኩ። ቧንቧዎቹን በየመጠናቸው ደረደርኩ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን ወደ ፊት አወጣሁ። ባለሱቁ ሲመጣ ቁልፉን ዘረጋሁለት።

«ልለቅ ነው። ሌላ ዋስ ሳይገባ፣ በወንድሜ ዋስነት እንቁጠረው» አልኩት።

ቁልፉን ተቀበለኝ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና በሩ ላይ ሰቀለው።

ከቀለሙ ጀመርን።