በሩቁ ሰርቨር ላይ የተጻፈች አንዲት ትእዛዝ

ጋሼ ጥንቁቅ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሦስት። ሌላ ስም እንዳለው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከረሳ ቆይቷል። ሥራው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝን የአንድ ሆስፒታል ሰርቨር ከወንበሩ ሳይነሣ ማስተዳደር ነው፤ በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ዲስኩ መሙላት አለመሙላቱን ያያል፣ የቆመውን አገልግሎት ያስነሣል፣ የሕሙማኑን የላቦራቶሪ ውጤት ቅጂ ያስቀምጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረባት አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ማሽኑን ስሙን ሳይጠይቅ ምንም አያዝም። «ሰው ቤት ገብተህ የማን ቤት ነው ሳትል አትቀመጥም» ይል ነበር፣ ለሚስቁበት ሁሉ።

እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ በተቀበረች በዐሥረኛው ቀን ሥራ ገባ። አላለቀሰም። ሰዎች ጠንካራ ነው አሉት፤ እሱ ግን ነገሩ ጥንካሬ ሳይሆን፣ በማደንዘዣ እንደ ተወጋ ድድ ያለ መሆኑን ያውቃል።

ረፋዱ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቶ ነበር፤ አንዱ የሩቁ ሰርቨር፣ ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ያለ አሮጌ የመለማመጃ ማሽን። አሮጌውን ሊያጠፋ የማጥፊያዋን ትእዛዝ ጻፈ። ስም አልጠየቀም። «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል መስመር ወጣ፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ማሽን ግን ማጓራቱን አላቆመም። ትእዛዟን የጻፈው በሌላው መስኮት ላይ ነበር፤ ያጠፋው የሆስፒታሉን ነው። የጠፋ ማሽን ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም፤ የሰው እጅ ሄዶ ማብሪያውን ካልተጫነው አይነሣም።

ክው ሊል ይገባው ነበር። ጠበቀ፤ ድንጋጤው አልመጣም። ስልኩን አንሥቶ የሆስፒታሉ ዘበኛ ዘንድ ደወለ።

«ጋሼ፣ የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ንብረት ክፍሏ ሴትዮ ጋ ነው። እሷን ከማግኘት ሐኪም ማግኘት ይቀላል!»

«ፈልጋት።»

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«እስካሁን አላውቅም» አለ፣ ሰዓት እንደ ተጠየቀ ሰው።

ሴትዮዋ ተገኝታ ማሽኑ እስኪነሣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። በዚያ መሐል አንዲት ወላድ፣ ውጤቷ በጠፋው ሰርቨር ውስጥ ስለ ነበር የደም ዓይነቷ እንደገና እስኪመረመር፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ በአልጋ ተኝታ ጠበቀች። ለጥቂት ተረፈች።

ከሰዓት በኋላ አለቃው መጣች።

«መብራት ነው አይደል? በል ሪፖርቱ ላይ እንደዚያ ብለህ ጻፍና እንገላገል።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሉን ቀይሪና ለሌላ ሰው ስጪ።»

«ተው እንጂ ጋሼ! የማይሳሳት የማይሠራ ብቻ ነው። በሃያ ዓመት አንድ ቀን!»

«ስሕተቱን አይደለም የምልሽ። የወላዷን ነገር ስሰማም ምንም አልተሰማኝም። ነገ ብደግመውም የምደነግጥ አይመስለኝም።»

አለቃው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያንን ሰርቨር እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው የላትም፤ ሆስፒታሉም ያለ ጠባቂ አንዲት ቀን አያድርም። ይህን እሱም ያውቃል፤ እያወቀም ቃሉን አላጠፈም። እሱ የጻፈውን ሪፖርት ሳትፈርምበት ይዛው ወጣች።

እናንተስ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ትእዛዙን ሁሉ ለሚያውቅ፣ መደንገጥ ግን ለተሳነው ሰው የይለፍ ቃሉን ትተዉለት ነበር?